ሁለቱ ወጣት ኮከቦች ስለ አሪፋ ምን አሉ

«ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት የምትናገሪው አንቺ ነሽ» አለች ኢንሳፍ፣ የጓሮው በር ላይ ቆማ።

ነጅዋ ደነገጠች። ከካርቶኑ በታች በሁለት እጇ አራርቃ የያዘቻቸው ማግኔቶች አመለጧትና ቀጭ ብለው ተጋጠሙ፤ መሐል የተገኘው የእሷ ጣት ነበር። ካርቶኑ ላይ በወግ ተሰልፎ የነበረው የብረት ብናኝም ተተራመሰ።

«ወይኔ ጣቴ!»

«ጣትሽስ ይድናል። እኔን ስሚኝ።»

ነጅዋ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ሰማች። ከመስማት ሌላ ምን ምርጫ አላት? ወላጆቿ አምባሰል ገጠር ናቸው፤ ሐይቅ ከተማ ለትምህርት ከመጣች ወዲህ የምትኖረው አክስቷ ቤት ነው። ኢንሳፍ ክፉ ሴት አይደለችም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አስፋልቱ ዳር ባለችው ሱቋ አንድ ልጇን ሀምዳንን ለብቻዋ አሳድጋለች፤ የነጅዋን ዩኒፎርምና ጫማ የገዛችውም እሷ ናት። ግን አንድ ነገር ካሰበች አሰበች ነው፤ የሚመልሳት የለም።

ሰሞኑን ያሰበችው የሀምዳንን እጮኛ ማስቀረት ነበር። ሀምዳን ባጃጅ ነጂ ነው። አሪፋ የምትባል የአምባሰል ልጅ አጭቶ፣ ቃል ተሰጥቶ፣ የኒካሁን ቀን ለመቁረጥ የልጅቷ ወገን ሽማግሌዎች ነገ ይመጣሉ። በዚህ መሐል ነው የእህል ነጋዴው ልጅ የፈዲላ ስም የተነሳው። የፈዲላ አባት ሚኒባስ አላቸው፤ የሚነዳላቸው አማች ቢያገኙ ደስታቸው ነው አሉ። ኢንሳፍ ይህን ከሰማች ወዲህ ምግብ አልበላ ብሏታል።

«ቃል ተሰጥቷል እኮ፣ አክስቴ።»

«ጭንቁ እሱ አይደል! ቃሌን አጠፍኩ ብዬ በሐይቅ ማን ፊት ልቁም? ጥፋቱ የማንም መሆን የለበትም። የኔም፣ የልጅቷም። ስለዚህ ኮከባቸው አልገጠመም እንላለን።»

«ኮከብ ማስቆጠር ሐራም ነው ትዪ የለም እንዴ?»

«ነው እንጂ! ቆጣሪ ዘንድ ሄድኩ ብል የመስጊዳችን ሼህ አሕመዲን ቤቴን ዳግም አይረግጡም። ያንቺ ግን ሳይንስ ነው።» ኢንሳፍ ያሸነፈች ያህል ፈገግ አለች። «ሳይንስ ሐራም ነው ያለ አለ?»

የሐይቅ የፊዚክስ አስተማሪ ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ቢመክር እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አይመጣለትም።

መነሻው የወላጆች ቀን ነበር። ሌላው ተማሪ የውሃ ማጣሪያና የዓሣ ማድረቂያ ሠርቶ ሲቀርብ፣ ነጅዋና ጓደኛዋ ሳምሪ ያቀረቡት ጥንድ ኮከቦችን ነው። ቲቸር ሙሉጌታ መጀመሪያ ላይ «ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ነገር ብትመርጡ» ብሎ ነበር። ነጅዋ እንቢ አለች። እሱ ራሱ በስልኩ ያሳያትን ጽሑፍ ከሳምሪ ጋር በመዝገበ ቃላት እየታገሉ አንብበውት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የውሃ ማጣሪያ አልታይ አላት።

ጽሑፉ ስለ ወጣት ኮከቦች ነው። ለኮከብ ወጣትነት ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ነው። አንዳንዶቹ መንታ ሆነው ይወለዱና አንዱ ሌላውን ይዞ ይዞራል። ወጣት ኮከብ በራሱ ላይም በፍጥነት ይሾራል፣ የማግኔት ጉልበቱም ከኛዋ ፀሐይ በብዙ ይበልጣል። መንገዳቸው ሞላላ የሆነ ጥንዶች አንዴ ይራራቃሉ፣ አንዴ ይቀራረባሉ። ሲቀራረቡ በዙሪያቸው የተዘረጋው የማግኔት መስመር ከመስመር ይጠላለፋል፣ ይወጠራል፣ ይበጠሳል። ያኔ ይፈነዳሉ፤ ፍንዳታው የሚረጨውን የራዲዮ ሞገድ ምድር ላይ ያሉ ትልልቅ አንቴናዎች ይይዙታል።

ለማሳየት ያዘጋጁት ዕቃ ቀላል ነው። ከሀምዳን ባጃጅ የወጡ ሁለት የተቃጠሉ ስፒከሮች ማግኔት፣ ከበያጁ ደጃፍ የተጠረገ የብረት ብናኝ፣ ካርቶን፣ ከጣቢያ ውጪ የተደረገች ትንሽ ራዲዮ፣ እና የጋዝ ምድጃ መለኮሻ። መለኮሻው ራዲዮዋ አጠገብ ቀጭ ሲል ራዲዮዋ ትንጫጫለች። ነጅዋ ለሚመጣው ሰው ሁሉ «ይሄ ማስመሰያ ነው፣ የኮከቡ ድምፅ አይደለም» ትላለች፤ ሳምሪ ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ፣ ዝም ብትዪ ምን አለበት» እያለች በክርኗ ትጎሽማታለች። እንዲህም ሆኖ ደሴ ለሚደረገው የተማሪዎች የሳይንስ ኤግዚቢሽን ተመረጡ።

«ሲቀራረቡ ይፋጃሉ ያልሽው አንቺው ነሽ» አለች ኢንሳፍ። «ሰው ሁሉ ሰምቶሻል።»

«ስለ ሰማይ ኮከቦች ነዋ!»

«ታዲያ የኔ ኮከብ ከየት የመጣ መሰለሽ?»

«አክስቴ፣ ይሄ ውሸት ነው።»

የኢንሳፍ ፈገግታ ጠፋ። «ከነገ ወዲያ ነው አይደል ደሴ የምትሄጂው? ቲቸርሽ የአሳዳጊ ፈቃድ ሳይሰማ አይወስድሽም። ነገ እንዳልኩሽ ከተናገርሽ ደስ ብሎኝ እልክሻለሁ። እንቢ ካልሽ ግን ደሴን በሕልምሽ ነው የምታያት።»

በነጋታው በእረፍት ሰዓት ሳምሪ ታሪኩን ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጓደኛዋ እንደማትስቅ ስታይ ግን አቆመች።

«በቃ በያትና ተገላገይ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት!»

«አሪፋስ?»

ሳምሪ ስለ አሪፋ ከነጅዋ ብዙ ጊዜ ሰምታለች። ነጅዋ አምባሰል ሳለች ሒሳብ አልገባ ብሏት ትምህርት ልታቋርጥ ስትል፣ ከሰፈሯ ልጆች ሁሉ ቁጭ አድርጋ ያስጠናቻት አሪፋ ናት። ክፍልፋይ የገባት በእሷ ነው፤ ሐይቅ የደረሰችውም በእሷ ነው። አሁን በዚያች ልጅ ላይ ኮከብሽ አይገጥምም ብላ ልትመሰክርባት!

ከትምህርት ሲወጡ ሀምዳን ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃት ነበር። እንደወትሮው «ነይ፣ ፕሮፌሰር» ብሎ አልቀለደም። ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ጥቂት ነድቶ ሞተሩን አጠፋና ዞር አለ።

«እማዬ ምን እንዳለችሽ ሰምቻለሁ።»

«ጥሩ! ታዲያ ለምን አትነግራትም?»

«ምን ብዬ?»

«ፈዲላን አልፈልግም ብለህ ነዋ! አሪፋን አትፈልጋትም እንዴ?»

«ወላሂ እፈልጋታለሁ።» መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ግን እማዬ እኮ ለኔ ስትል ነው የተቃጠለችው። ዓይን ዓይኗን እያየሁ እንዴት እንቢ ልበላት? ነጁዬ፣ በነቢ ይዤሻለሁ፣ አንቺ ገልብጠሽ ተናገሪ። ገጥሟል በይ። ኮከባቸው ልክክ ብሏል በይ። ሳይንስ ነው ካልሽ እሷም ትቀበላለች።»

ነጅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ወላወለ። ይኼኛው ውሸት ጣፋጭ ነው። ማንንም አይጎዳም፤ አሪፋን ያድናል፤ ሀምዳንም ከጭንቀት ያርፋል። «ገጥሟል» ማለት ብቻ ነው። ከዚያ ግን የሀምዳንን ፊት አየችው፤ ሃያ ምናምን ዓመት የሞላው ጎረምሳ፣ ታናሽ እህቱ በምትሆን ተማሪ ቀሚስ ሥር ሊደበቅ የሚፈልግ። ቆሽቷ አረረ።

«እናትህም ኮከብ፣ አንተም ኮከብ! ሁላችሁም እኔን ነው የምትልኩት? አፍ የለህም?»

«አትቆጪ እንጂ...»

«እቆጣለሁ!» ብላ ከባጃጁ ወረደች። የቀረውን መንገድ በእግሯ ሄደች፤ ሀምዳን ከኋላዋ ቀስ እያለ ሲከተል ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ሽማግሌዎቹ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንዳለቀ መጡ። ሼህ አሕመዲን ከፊት፣ የአሪፋ አጎት ከኋላ፣ ከሁለቱ መሐል ደግሞ አቶ ቢያድግልኝ። አቶ ቢያድግልኝ ክርስቲያን ናቸው፤ ከአሪፋ አባት ጋር አጥር ለአጥር አብረው ኖረው ስላረጁ እሳቸው የሌሉበት ሽምግልና በሰፈሩ የለም። ሻይ ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። ሀምዳን ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«እንግዲህ» አለች ኢንሳፍ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ቀን ከመቁረጣችን በፊት ይህቺ የወንድሜ ልጅ የምትለው አላት። ትምህርት ቤት የኮከብ ነገር አጥንታ ለደሴ ተመርጣለች። ጥንቆላ እንዳይመስላችሁ፤ ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስም ኮከብ ይቆጥር ጀመር?» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። «እኛ ዘንድ ሲቆጥር የተገኘ እንደሆነ ቄሱ ስግደት ነው የሚያሸክሙት።»

«እኛም ዘንድ ያው ነው» አሉ ሼህ አሕመዲን ሳቅ ብለው፤ ወደ ነጅዋ ዞሩ። «እስቲ ንገሪን፣ ልጄ።»

ነጅዋ ካርቶኑን በሁለት በርጩማዎች ላይ ዘርግታ ብናኙን በተነች። ኢንሳፍ በዓይኗ ታዝዛታለች፤ ሀምዳን ከጥጉ በዓይኑ ይለምናታል። ሳምሪ ስለሌለች መለኮሻውን ለአቶ ቢያድግልኝ ሰጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ስነግርዎት ራዲዮዋ አጠገብ ይጫኑት።»

ከካርቶኑ በታች ማግኔቶቹን ቀስ አድርጋ አቀራረበች። ብናኙ ከሁለት ወገን እየተነሳ ቆመ፣ ተሰለፈ፣ ተጠላለፈ። ስለ ወጣት ኮከቦቹ ነገረቻቸው፤ እንዴት እንደሚሾሩ፣ እንዴት እንደሚቀራረቡ፣ መስመሮቻቸው እንዴት እንደሚበጠሱ። «አሁን» ስትል አቶ ቢያድግልኝ ተጫኑት፤ ራዲዮዋ ተንጫጫች። ሽማግሌው ደነገጡና ከዚያ ደስ ስላላቸው ሳይታዘዙ ሦስቴ አራቴ ደጋገሙት።

«ጩኸቱ የመለኮሻው ነው፣ ማስመሰያ ነው» አለች ነጅዋ። «እውነተኛውን የሚሰሙት ትልልቅ አንቴናዎች ናቸው።»

«ሲቀራረቡ ይፋጃሉ በይን በቃ» አለች ኢንሳፍ ቸኩላ።

«ይፈነዳሉ፣ አዎ። አንዳንዴ ደግሞ ተቀራርበው ምንም ሳይፈጠር ያልፋሉ። ለምን እንደዚያ እንደሚሆኑ ገና በደንብ አልታወቀም።»

«ከፈነዱ በኋላስ ይለያያሉ?» ጠየቁ ሼህ አሕመዲን።

«አይለያዩም። ይርቃሉ፣ ግን ዞረው ተመልሰው ይገናኛሉ።»

ሀምዳን ቀና አለ። አቶ ቢያድግልኝ ጭናቸውን መቱ። «ይኸውላችሁ! ቢጣሉም አይለያዩም ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን መልካም ምልክት አለ? ቀኑን እንቁረጥ!»

የአሪፋ አጎት ፊታቸው ፈካ። ኢንሳፍ ከንፈሯን ነከሰች። ነጅዋ ማግኔቶቹን እንደያዘች ቆመች። አሁን ዝም ብትል ሁሉም ነገር አለቀ። እሷ አልዋሸች፤ ያሉት አቶ ቢያድግልኝ ናቸው። አሪፋ ትገባለች፣ ኢንሳፍም በሽማግሌ ፊት የምትለው የላትም። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ እና ዝም ማለት አልቻለችም።

«አይደለም፣ ጋሼ» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮክ አለ። «መልካም ምልክት አይደለም። መጥፎ ምልክትም አይደለም። የእነሱ ብርሃን ከዚያ ተነስቶ እዚህ እስኪደርስ በመቶ የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል። ዛሬ የምናየው ሲነሳ ከእኛ አንዳችንም አልተወለድንም። አሪፋን አያውቋትም። ሀምዳንንም አያውቁትም።»

«ነጅዋ!» አለች ኢንሳፍ።

«አክስቴ አልገጠመም በይ ብላኛለች። ሀምዳን ደግሞ ገጥሟል በይ ብሎኛል። እኔ ሁለቱንም አልልም።»

የአሪፋ አጎት የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ነጅዋ ፊቷ እንደ እሳት ሲነድ ተሰማት፤ በእንግዳ ፊት የአሳዳጊን ገመና ማውጣት ነውር መሆኑን አጥታው አይደለም። ቢሆንም የተናገረችውን መልሳ ልትውጠው አልፈለገችም።

ሼህ አሕመዲን ወደ እሷ ዞሩ። ቁጣ ነው ስትል፣ ጥያቄ ሆነ። «ለሰው ምንም የማይናገር ከሆነ ታዲያ ምን ይጠቅምሻል፣ ይህ የኮከብ ነገር?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! ከቲቸር፣ ከክፍል ልጆች፣ ከአባቷ። ሁልጊዜ የሆነ ጥቅም ፈልጋ ለማሳመን ትዳክር ነበር። ዛሬ ግን ደከማት።

«ምንም አይጠቅመኝም፣ ሼሃችን። እውነት ስለሆነ ነው የምወደው። የማንም ሰበብ እንዲሆን ስለማልፈልግ ነው እንዲህ የምሟገተው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «የሚያገባው ሀምዳን ነው። እሱን ጠይቁት። አጠገባችሁ ተቀምጧል።»

ዓይን ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። ሀምዳን መጀመሪያ እናቱን አየ፣ ከዚያ መሬቱን። ነጅዋ ተስፋ ቆረጠች፤ በልቧም ፈሪ ብላ ሰደበችው።

«አሪፋን» አለ ሀምዳን። ድምፁን ዝቅ ስላደረገ ማንም በደንብ አልሰማውም። ተነስቶ ቆመና ደገመው። «እኔ የምፈልገው አሪፋን ነው። እማ፣ አፉ በይኝ። ሚኒባስ አልፈልግም።»

ቀኑ ተቆረጠ። ኢንሳፍ በእንግዳ ፊት ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እስከ በር ሸኘቻቸው፣ መርቃ ተመረቀች። ስትመለስ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች፣ ነጅዋን ሳታያት አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ደሴ ቀርቷል።»

በማግሥቱ ጠዋት ደሴ የሚሄደው ሚኒባስ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ነጅዋ የመጣችው ዕቃውን ለሳምሪ ልታስረክብ ነው፤ ሳምሪ ግን ካርቶኑን ሳትቀበል ክንዷን ይዛ ወደ ግንቡ ጀርባ ጎተተቻት።

«አብሽሪ፣ ጨርሼዋለሁ። ቲቸር ሙሌ የአክስትሽን ድምፅ በስልክ ልስማ ብቻ ነው ያለው። ድምፅ ማስመሰል ደግሞ ታውቂኛለሽ።» ጉሮሮዋን ጠራርጋ የኢንሳፍን ድምፅ አወጣችው፤ «ወዐለይከ ሰላም! አዎ፣ ሂጂ ብያታለሁ!» ቁርጥ ኢንሳፍን ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ነጅዋ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

«እንቢ።»

«ምን እንቢ? ስታስጨንቅሽ ሰንብታ የለ! ያደረገችብሽን አስቢው እስቲ። ይገባታል።»

«ይገባታል» አለች ነጅዋ። እውነትም ተናዳለች፤ ሌላ ሰው ቢጠይቃት አክስቷን የምትወቅስበት ሞልቷታል። ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። «ስልክሽን ስጪኝ።»

«ልትደውዪላት ነው? በስልክማ አታነሳልሽም።»

«አውቃለሁ።»

ካርቶኑን ሳምሪ እጅ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች። በአስፋልቱ ዳር ባጃጆችን እያለፈች፣ ሻርፗ ከራሷ እየተንሸራተተ፣ እያለከለከች ሱቁ ደረሰች። ኢንሳፍ ባንኮኒው ኋላ ቆማ ስኳር በፌስታል ታስራለች። ቀና ብላ አየቻትና ወደ ስኳሯ ተመለሰች።

«አክስቴ፣ መኪናው ሊነሳ ነው።»

ኢንሳፍ ሌላ ፌስታል አነሳች።

«ሳምሪ ድምፅሽን አስመስላ ልትደውል ነበር። እንቢ አልኳት።»

የኢንሳፍ እጅ ፌስታሉ ላይ ቆመ። «ለምን?»

«ያንቺ ድምፅ ያንቺ ስለሆነ።»

«ትናንት አንዲት ቃል ጠየቅኩሽ» አለች ኢንሳፍ ዝግ ብላ። «አንዲት ቃል። ቃሏን መከልከልሽ ሳያንስ እኔን ሽማግሌ ፊት አዋረድሽኝ።»

«ስላዋረድኩሽ አፉ በይኝ። ለብቻሽ ነበር መንገር የነበረብኝ። ቃሏን ግን ዛሬም ብትጠይቂኝ አልላትም።»

ነጅዋ በሳምሪ ስልክ ለቲቸር ሙሉጌታ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ባንኮኒው ላይ፣ በስኳሩ ፌስታሎች መሐል አስቀመጠችው። ጠራ፤ ደግሞ ጠራ። እየሮጠች ስትመጣ የልመና ቃል በልቧ ስትደረድር ነበር፤ በነቢ፣ በወላጆቼ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም የሚል። ሁሉንም ዋጠችው።

«ሄሎ?» አለ ቲቸር ሙሉጌታ ከስልኩ ውስጥ። «ሄሎ፣ ማን ልበል?»

ኢንሳፍ ስልኩን አየች፤ ነጅዋን አየች። ነጅዋ ከባንኮኒው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና ሻርፗን አስተካክላ፣ አንድም ቃል ሳትጨምር፣ የአክስቷን መልስ ቆማ ጠበቀች።